ጀሶውን ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው

ስልኬ ሲጮኽ ውዳሴ ማርያም እያደረስኩ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጸሎት ከጀመርኩ ስልክ አላነሳም። እናቴ እንኳ ይህን ስለምታውቅ ከሁለት ሰዓት በፊት አትደውልልኝም። ስለዚህ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁትና ቀጠልኩ። ዘጋ። እንደገና ጮኸ። ዘጋ። ሦስተኛ ሲጮኽ ግን አማተብኩና አነሳሁት።

«ሲስተር ነሽ? አበበች ነኝ፣ የዘነበች እህት። ከገረሴ።»

ስሟን ሰማሁ እንጂ ማን እንደሆነች አልመጣልኝም።

«ትናንት እጇን ጀሶ ያደረጋችሁላት ልጅ። ዘነበች ዳልጋ» አለችኝ።

«እሺ፣ አስታወስኩ። ምን ሆነች?»

«ጣቶቿ ጠቆሩ። ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ ነው ያደረችው። አሁን ደግሞ ዝም ብላለች። ስነካት አይሰማኝም ትላለች።»

ነርስ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ሕመም ከጩኸት ወደ ዝምታ ሲሄድ እፎይ አይባልም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባቴ እዚሁ አጠገቤ ቆሟል» አለች አበበች። «ጀሶው ይከፈት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ነው የሚለው። አንድ ቃል በይው ሲስተር። ስልኩን ልስጠው?»

ያልኳትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዶክተሩን ልጠይቅ። አምስት ደቂቃ ስጪኝ፤ መልሼ እደውላለሁ።»

«ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ። አሁኑኑ በይው በእናትሽ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ አበበች። እኔ ሐኪም አይደለሁም እኮ።»

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ ወዲያ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስረዳ። ትውልዴም ዕድገቴም ደብረ ማርቆስ ነው። አርባ ምንጭ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሙያዬ ነርስነት ቢሆንም የተቀጠርኩት ለአንድ ጥናት ነው፤ የክንድ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎችን በየተወሰነው ሳምንት ራጅ እያነሳን፣ አጥንቱ ምን ያህል ጊዜ ወስዶ እንደሚገጥም እንመዘግባለን። ደጋ የሚኖረውና ቆላ የሚኖረው እኩል ይድናል ወይ? ወዲያው ወደ እርሻው የተመለሰውና ያረፈውስ? በጊዜ የመጣውና ዘግይቶ የመጣውስ? ሥራችን ይህ ነበር።

ሥራውን እወደዋለሁ። የተሰበረ አጥንት ራሱን እንዴት እንደሚጠግን መጀመሪያ የተማርኩ ዕለት ከክፍል ወጥቼ አልቅሻለሁ። ስብራቱ ላይ የፈሰሰው ደም ይረጋል። በረጋው ደም ቦታ ለስላሳ ነገር ይበቅላል። ልስላሴው ቀስ እያለ ይጠጥርና ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል። ሐኪም የሚሠራው አቅንቶ መያዝን ነው፤ የሚያድነው ሌላ ነው። እኔም ለዚያ ለሌላው ሥራ ምስክር ሆኜ የተቀጠርኩ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞም ጥንቁቅ ነኝ፣ ወይም ነኝ ብዬ አምን ነበር። ቅጼን ሁለት ጊዜ ሳላነብ አላስረክብም። ባልደረቦቼ «የሲስተር ቅጽ እንደ ዳዊት ንጹሕ ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም ቀልዱ ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የሥራው ችግር ሰው መጥፋቱ ነው። አንዳንዱ ጀሶው ሲያሳክከው ቤቱ በቢላ ያወልቀውና ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። በቀጠሮው ቀን ሲመጣ ክንዱ በቀርከሃ ስንጣሪ ታስሮ ነው፤ ብዙውም አይመጣም። አስተባባሪያችን ሰኞ ሰኞ ሲሰበስበን የሚጠይቀው «ስንት ጠፋብን?» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጣውን ሁሉ ጠበቅ አድርጌ ማስጠንቀቅ ጀመርኩ። ዘነበችንና አባቷን ያገኘኋቸው እንዲህ በሆንኩበት ሰሞን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጡ። ዘነበች የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የእንሰት ቅጠል ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ ዝናብ ያረጠበው መሬት አዳልጧት ቀኝ ክንዷ ላይ ወደቀች። ሁለቱም አጥንቶች ተሰብረዋል። ዶክተሩ አቅንቶ ጀሶ አደረገላትና ወደ እኔ ክፍል ተላኩ። አባቷ አቶ ዳልጋ ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ደህና ነው፤ ብቻ ወንድና ሴት አይለይም።

«ሲስተር፣ ይህ ልጅ መጻፍ ይችላል ወይ? እጁ ቀኙ ነው» አሉኝ።

«ትጽፋለች አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ።»

ስለ ጥናቱ አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ተስማምቻለሁ የሚለው ቦታ ላይ እንዲፈርሙ ስጠይቃቸው መጻፍ እንደማይችሉ ነገሩኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነካሁና ወረቀቱ ላይ ተጫንኩት። ጣታቸውን እንደያዝኩም፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ እንዲህ አልኳቸው።

«እንግዲህ ቃልዎን ሰጥተዋል። ይህን ጀሶ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው። ወጌሻም፣ ጎረቤትም፣ እርስዎም። እኔ ራሴ እስክከፍተው።»

አቶ ዳልጋ ቀለም የነካ ጣታቸውን አዩት። «ከአንተ በቀር» አሉ። ቀስ ብለው ደገሙት፣ «ከአንተ በቀር።»

ደስ አለኝ። ይኼኛው አይጠፋም አልኩ በልቤ።

ወደ ዓርቡ ልመለስ።

ለዶክተሩ ደወልኩ። አያነሳም። የቀዶ ሕክምና ክፍል ደወልኩ፤ «ገብቷል፣ አሁን አይወጣም» አሉኝ። ነጠላዬን አፈፍ አድርጌ በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ሮጥኩ። በሩ ላይ ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ፣ ለአበበች የሰጠኋት አምስት ደቂቃ አርባ ደቂቃ ሆነ። ዶክተሩ ጭምብሉን እያወለቀ ብቅ ሲል እጁን ይዤ ነገርኩት።

«ጣት ጠቁሮ፣ መሰማት ጠፍቶ… ታዲያ ለምን አልከፈታችሁትም?»

«እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው ዶክተር።»

«ይህ ይጠየቃል እንዴ ሲስተር?» አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «ክንዷ ውስጥ አብጧል። ጀሶው ደግሞ አይለጠጥም። ደም አልደርስ ብሎ ነው። በየሰዓቱ የሚሞተው ጡንቻዋ ነው፤ የሞተ ጡንቻ ደግሞ እንደ አጥንት መልሶ አይበቅልም። አሁን ደውዪና ይቅደዱት በያቸው። ጀሶውን ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ጥጥም፣ ቆዳዋ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ ወዲያው ያምጧት።»

ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ዝግ ነው። ደወልኩ። ዝግ ነው።

የጥናቱ መኪና ለሥራ ወደ ካምባ ወረዳ ሄዷል። ዶክተሩ ከጀሶ ክፍል ትልቁን መቀስ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። «ሂጂ» አለኝ።

መንገድ ዳር ከቆሙት ሞተረኞች አንዱን ገረሴ ስለው ሰማዩን አየና ራሱን ነቀነቀ። መቀሱን ሲያይ ደግሞ ሳቀ። «ሲስተር፣ ማንን ልትገዘግዢ ነው?» ምክንያቱን ስነግረው ሳቁን ዋጠና «ውጪ» አለኝ። የኩልፎን ወንዝ ተሻግረን፣ ሙዝ በጫኑ ጋሪዎች መካከል እየተጠማዘዘ አልፎ ሽቅብ ያዘው። በሕይወቴ ሞተር ተሳፍሬ አላውቅም። ቀሚሴ ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ ሞተረኛውን አንገቱን አንቄዋለሁ።

«ሲስተር፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ወገቤን ያዢ፣ አንገቴን ተዪልኝ!»

እኔ የማስበው አበበች የተናገረችውን ነው። ይከፈት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። የልጁ ጣት ሲጠቁር ያየ አባት እንዴት ስልክ አስደውሎ ፈቃድ ይጠይቃል? የገዛ ልጁ አይደለችም? ቢላስ የለውም? እየተናደድኩባቸው ነበር፤ እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው። ደጋው ስንደርስ ጉሙ ተቀበለንና ብርዱ አጥንቴ ገባ። ያኔ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቆመ።

እኔስ ነግሬያቸው ነበር?

በቅጹ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ። «የአደጋ ምልክቶች ተነግረዋል» ይላል፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች። ጣት ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ በማስታገሻ አልቀነስ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ፤ መመለስ ካልቻሉ በቅርብ ያለ የጤና ሠራተኛ ይክፈተው። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው አነባለሁ፤ አብራራለሁ፤ መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን አቶ ዳልጋ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ እንዳነሱ ከግቢው ውጭ የገረሴ መኪና ጡሩምባ ተነፋ። የመጨረሻው ነበር። «ሲስተር፣ መኪናው!» አሉና ብድግ አሉ። እኔም አዎ፣ ይሂዱ፣ ይሂዱ አልኳቸው። ከወጡ በኋላ ቅጹን ሳጸዳ ባዶ ሳጥኗን አየኋት። ቅጼ ባዶ ሳጥን ኖሮት አያውቅም። በእስክሪብቶዬ ምልክት አደረግሁባት። ተነግረዋል። ያን ማታ ጸሎቴን አድርሼ፣ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ሞተሩ ላይ ሆኜ «ድንግል ሆይ» ብዬ ጮኽኩ መሰለኝ፤ ሞተረኛው «አይዞሽ፣ አትወድቂም» አለኝ። መውደቅ የፈራሁ መስሎት።

ገረሴ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ለሞተር የሚሆን ስንጥቅ እንኳ የለም። ወርጄ ጫማዬን አወለቅሁና መቀሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ዳገቱን በእግሬ ያዝኩት። ያገኘሁትን ሁሉ «የዳልጋ ቤት?» እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰው ሁሉ በእጁ ያሳየኛል፤ እንዲያውም የሚከተለኝ በዛ። ከቤቱ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። አበበች ከደወለች አራት ሰዓት አልፏል።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዘነበች በራፉ ላይ በተነጠፈ ሰሌን ተጋድማ ክንዷ ጋቢ ላይ አርፏል። ጣቶቿ ከጀሶው ጫፍ ወጥተው ይታያሉ፤ ያበጡ፣ የሚያብረቀርቁ፣ የበሰለ ሾላ የመሰሉ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከራስጌዋ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው በቅጠል ላይ የተሳለ ቢላ፣ የሞቀ ውኃና የቀርከሃ ስንጣሪዎች ተደርድረዋል። ወጌሻው አቶ ማዜ ነበሩ።

«የወረቀቱ ሴትዮ መጣች» አሉ ለሰው ሁሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «ከማለዳ ጀምሮ ቢላዬን ስዬ ተቀምጫለሁ። ወጌሻ እጅ ያበላሻል ትላላችሁ አሉ። ይኸው እጄን አጣጥፌ ተቀምጬልሻለሁ። ተበላሸ አልተበላሸ?»

ተንበርክኬ መቀሱን ልከፍት ስል አቶ ዳልጋ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ፊታቸው በአንድ ሌሊት ሌላ ሰው ሆኗል።

«መጀመሪያ ፍታኝ» አሉ።

«ምን ልፍታዎት አባባ? እጇን ልክፈት እንጂ!»

«ቃሌን። ጣቴን ይዘህ ነው የሰጠሁህ። በሰው ፊት ፍታኝ።»

ግራ ገብቶኝ አበበችን አየኋት። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። «ጎሜ ነው የሚፈራው፣ ሲስተር» አለችኝ። በዚያ ደጋ የተሰጠ ቃል ሲፈርስ ጎሜ ይባላል። ጦሱ በቃል አፍራሹ ብቻ አይቀርም፤ በልጁ፣ በከብቱ፣ በእህሉ ይመጣል ይላሉ። «ካልከፈትኩት እጇ ይሄዳል፤ ቃሌን አፍርሼ ብከፍተው ጎሜው በሷው ላይ ይመጣል ሲል አደረ። ለዚህ እኮ ነው ያስደወለኝ። ፈትቼሃለሁ እንድትዪው ብቻ ነበር። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጠዋቱን ሙሉ ጠበቀሽ። ከተዘጋ በኋላም አላስቀመጠውም።»

አንባቢዎቼ፣ ያኔ የገባኝን እንዴት ልንገራችሁ? እኚህን ሰው መንገድ ላይ በልቤ ስናደድባቸው የመጣሁት ቃላቸውን ስላከበሩ ነው። ቃላቸውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በስልክ አንዲት ቃል ሲለምኑኝ ያልሰጠሁትም እኔ ነኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። አውራ ጣታቸው ላይ የትናንቱ ቀለም አለ። አላጠቡትም። «አቶ ዳልጋ፣ ቃልዎን ጠብቀዋል። እኔ ፈትቼዎታለሁ። በእግዚአብሔርና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ፈትቼዎታለሁ» አልኩ። አበበች በጋሞኛ ደገመችው። ከግቢው ሰው «አሜን» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ መቀሱን ጀሶው ውስጥ ልሰድ ሞከርኩ። አይገባም። ክንዷ ከማበጡ የተነሣ በጀሶውና በቆዳዋ መካከል ክር የሚያስገባ ክፍተት የለም። የመቀሱ ጫፍ ጀሶው ላይ ተንሸራተተብኝ። ሁለተኛም ሞከርኩ። ዘነበች ጥርሷን ነከሰች።

«ተዪው» አሉ አቶ ማዜ፣ ቁጣቸው ጠፍቶ። «እጅሽ ፈርቷል። የፈራ እጅ ይወጋል። ያንቺ መቀስ ከሥር ነው የሚገባው፣ የኔ ቢላ ከላይ።»

የሞቀውን ውኃ ከክርን እስከ አንጓ ባለው ርዝመት በአንድ መስመር ብቻ አፈሰሱ። ጠበቁ። ጀሶው ሲርስ በዚያው መስመር ላይ በቢላቸው ጫፍ ቀስ እያሉ ፋቁት እንጂ አልቆረጡትም። እንደገና ውኃ፤ እንደገና መፋቅ። በመጨረሻ ጀሶው ጠጭ ብሎ ተሰነጠቀና በሁለት እጃቸው አላቀቁት። ከሥሩ ነጭ ጥጥ ታየ። አቶ ማዜ ቢላቸውን ሊያስቀምጡ ጎንበስ አሉ።

«አባባ፣ ጥጡንም!» አልኩ። «ስትወድቅ ከተላላጠው ቆዳዋ ደም ነክቶት ደርቋል፤ እሱም ያንቃል። ቆዳዋ እስኪታይ።»

አዩኝ። በቢላቸው ጀርባ ጥጡን ነካ ነካ አደረጉት፤ እንደ ቅርፊት ደርቋል። «እውነትሽን ነው» አሉና «በይ፣ አሁን መቀስሽ ይገባል» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። በዚያ ክፍተት መቀሴን ሰድጄ ጥጡን እስከ ጫፍ ቀደድኩት።

አሁን መጠበቅ ብቻ ቀረን። ጣቷን ይዤ ጥፍሯን ተጫንኩ። ለቀቅሁት። ጤነኛ ጥፍር ሲጫኑት ይነጣል፣ ሲለቁት ወዲያው ይቀላል። የዘነበች ጥፍር ግን እንደጠቆረ ነው። ጣቷም ቀዝቃዛ ነው። በልቤ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ማለት ጀመርኩ፤ አሥራ ሁለት ሲሞላ እንደገና ልጫን ብዬ። አሥራ ሁለት ሞላ። ተጫንኩ። ምንም። ሌላ አሥራ ሁለት። ምንም። አቶ ዳልጋ ከአጠገቤ ተንበርክከው ጣቷን ሳይሆን ፊቴን ነው የሚያዩት፤ እኔ ደግሞ ፊቴን የማስቀምጥበት ጠፍቶኛል። ስንተኛው ላይ እንደሆነ ቆጠራው ጠፍቶኝ ሳለ ዘነበች እጇን መነጨቀች።

«ይወጋኛል!» ብላ ጮኸች። «እንደ መርፌ ነው! ተዉኝ፣ ይወጋኛል!»

አቶ ማዜ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «አለቀሰች! እሰይ አለቀሰች! ተናገሪ የኔ ልጅ፣ ስደቢን!»

ጥፍሯን ተጫንኩ። ነጣ። ለቀቅሁት። በጣም ቀስ ብሎ፣ ከሥሩ ጀምሮ፣ ቀላ።

መሬቱን ሳምኩ። ሳላስበው ነው፤ ጭቃው ግንባሬ ላይ ቀርቷል።

ክንዷን በአቶ ማዜ የቀርከሃ ስንጣሪ ላላ አድርገን ደገፍነውና በወንዶች ትከሻ እስከ መንገዱ ወረደች። ከጭነት መኪናው ማዶ ሞተረኛው ሳይሄድ ጠብቆኝ ነበር፤ ከታች የመጣ ሚኒባስ አዙሮ ይዞልናል። ማምሻውን ዶክተሩ አያትና «ጥቂት ሰዓት ቢጨመር ኖሮ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። ስንጣሪውን ሲፈታ ግን «ይህን ማነው ያሠረው? ጎበዝ ነው» አለ።

በበነጋው ቅጹን አወጣሁ። በጥናት ሥራ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ በጥቁርም አይሸፈንም። የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ እውነቱ ጎኑ ላይ ተጽፎ ይፈረምበታል። ምልክቴ ላይ አንድ መስመር ሰረዝኩና «አልተነገረም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ለአስተባባሪያችንም አቀረብኩት። እባረራለሁ ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አላባረረኝም፤ ለተወሰኑ ወራት ከታካሚዎች የጥናት ስምምነት ከመቀበል አገደኝ፤ ተገቢም ነው። ዛሬ የአደጋ ምልክቶቹ ከቅጹ መጨረሻ ተነሥተው መጀመሪያ ላይ ይነበባሉ። ወጌሾቹንም መጥራት ጀምረናል። አቶ ማዜ በመጀመሪያው ስብሰባ ከፊት ወንበር ተቀምጠው «እኔ ዘንድ የመጣ እጅ ሁሉ ጣቱን አያለሁ፤ እናንተስ?» ብለው ሐኪሞቹን ሲጠይቁ ነበር።

የዘነበች አጥንት ገጥሟል። በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ላይ ስብራቱን የከበበ ነጭ ጉም ታየ፣ ልክ እንደ ባዘቶ። በሦስተኛው ወር ጉሙ አጥንት ሆኗል። ትጽፋለች። ብቻ የትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ጫፍ እስካሁን ድንዝዝ ነው፤ ሲበርድ ይብስባታል።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ለምትሉኝ፦ ጥንቃቄዬን አላመንኩትም ከዚያ ወዲህ። ያ ሁሉ መጠንቀቄ ለወረቀቴ ንጽሕና፣ ለራሴም ከጥፋት ነጻ መሆን እንጂ ለልጅቷ ጣት አልነበረም። «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ያልኩት ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው። ሰውን ቃል ከማስገባቴ በፊትም አሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ ይህ ሰው ቃሉን እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ ምን ይደርስበታል?

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ባለፈው አበበችን ገበያ አገኘኋትና አባትሽ እንዴት ናቸው አልኳት። «ደህና ነው። ግን የሁለቱን ጣቶች መደንዘዝ በኔ ነው ይላል። ቃሌን እስከ ቀኑ ሳላደርስ አስፈታሁ፣ ያንን ነው የከፈለችው ይላል» አለችኝ። በማግስቱ ገረሴ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳጥኗን፣ ምልክቷን፣ መኪናውን። ሰምተውኝ ፈገግ አሉ። «ጥሩ ሰው ነህ። ለኔ ብለህ ነው» ብለው ማር አቀረቡልኝ። አላመኑኝም።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። እናንተ የገረሴ ሰዎች ዘንድ ግን፣ እንደነገራችሁኝ፣ ጎሜ በጓዳ አይፈታም፤ ጥፋተኛው በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ነው። እኔ የተናገርኩት በጓዳ ነበር።

ስለዚህ ያን ቀን በዚያ ግቢ ለነበራችሁ፣ ውኃ ላሞቃችሁ፣ በትከሻችሁ ለተሸከማችኋት፣ «አሜን» ላላችሁ ሁሉ ይህ በእናንተ ፊት የቆምኩበት ነው። የፈረሰው ቃል የአቶ ዳልጋ አልነበረም፤ እሳቸው ጠብቀውታል። የፈረሰው በእኔ ቅጽ ላይ የነበረው ነው። አማርኛ የምታነቡ፣ እባካችሁ ሰው በተሰበሰበበት ለአቶ ዳልጋ በጋሞኛ አንብቡላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፈገግ ብለው «ለኔ ብላ ነው» ካሉ ደግሞ፣ እጃቸውን ይዛችሁ እንደገና ከመጀመሪያው አንብቡላቸው።